ከፍሎ የገባ እንግዳ

በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው እጁን ጆንያው ውስጥ ሳይከት ዋጋ አይቆርጥም። ዛላውን ያነሣል፣ ይሰብረዋል፣ ፍሬውን ያያል፣ ያሸታል፤ ቀለሙ ያማረው ከላይ ብቻ እንዳይሆን እስከ ጆንያው ሥር ይጎረጉራል። እርጥበት ከጠረጠረ ትቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ሻጩም አይቀየመውም። በሬ የሚገዛውም ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስኬደውና ሽንጡን ሳይዳስስ ብሩን አይፈታም። ገንዘብ ከመቀነት የሚወጣው ዓይንና እጅ ከጠገቡ በኋላ ነው።

ፊልም እንዲህ አይገዛም። ተመልካች አስቀድሞ ይከፍላል፣ ከዚያ ጨለማ ቤት ይገባል፤ የገዛው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሲያልቅ ነው። ሲያልቅም በእጁ ይዞት የሚወጣ ነገር የለም። አልጣመኝም ብሎ አይመልሰውም፤ ያጠፋው ሁለት ሰዓትም በምንም አይተካለትም። በሩ ላይ የሰጠው ብር ስለዚህ ከበርበሬው ብር ይለያል፤ የአደራ ብር ነው ማለት ይቻላል። «የምታሳየኝን አላውቅም፤ አንተን አምኜ ገብቻለሁ» ብሎ የሰጠው ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ደግሞ በእኛ አገር ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

ይህን የማነሣው በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ፊልም ሊያይ የሚገባ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ሳስብ ስለቆየሁ ነው። የማዳበሪያ እጥረት፣ የሆስፒታል ወረፋና የመንገድ መዘጋት ባለበት አገር ስለ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁንና ሆስፒታል ውስጥ የተናቀ ሰው ሕመሙ አስሮት ነው የሚታገሠው። መሥሪያ ቤት የተመላለሰም ጉዳዩ አስሮት ነው። ለደስታው ብሎ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ማንም ሳያስገድደው የገባ ሰው ሲናቅ ዝም የሚለው ምን አስሮት ነው? መልሱን ስፈልግ ብዙ ጊዜ የማናየውን የራሳችንን ጠባይ ያየሁ መሰለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ግድም የተከፈተውን የመጀመሪያውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ ራስ፣ አምባሳደር መጡ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላሉ ከተሞች ግን ፊልም በስፋት የደረሰው በሌላ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሴት፣ ከዚያ በሲዲ፣ ከዚያ በዲሽና በፍላሽ። ሲኒማ ቤታቸው ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ሰፋ ያለ ክፍል፣ አንዳንዴም በቆርቆሮ የተቀጠለ ጓሮ፤ በጥቁር ላስቲክ ወይም በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፤ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። የውጩ ስፒከር የተኩሱንና የመኪናውን ድምፅ ለመንገደኛው ያሰማል፤ ብር የሌላቸው ሕፃናት በግድግዳው ስንጥቅ አንድ ዓይናቸውን ይሰካሉ። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በሌላው ቀን የህንድ፣ የቻይናና የአሜሪካ አክሽን፣ አማርኛ ፊልም። አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ የሚዞር ቴአትር ወይም አዲስ ፊልም ሲመጣ የከተማው አዳራሽ ይከፈታል።

የሚገቡትን ደግሞ እንያቸው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት በእግሩ ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው ልጅ። የቀን ሠራተኛ አለ። ወደ ወለጋ የሚታጠፈውን መንገድ ለመያዝ ቡሬ ላይ ያደረ ሹፌርና ረዳት አለ። እህሉን ሸጦ፣ ሳሙናና ጨው ገዝቶ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት «እስቲ ይቺን ነገር ልያት» ብሎ የገባ ወጣት ገበሬም አለ። እነዚህ ሰዎች ከሰፈራቸው ውጭ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንድ ነገር የሚያዩበት ቦታ ከቤተ ክርስቲያንና ከመናኸሪያ ሌላ ብዙ የላቸውም።

በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስሙንም ሰፈሩንም በማልጠቅሰው ቪዲዮ ቤት ተቀምጬ የአማርኛ ፊልም አይ ነበር። ቤቱ ሞልቷል፤ ዘግይተው የገቡት ጥግ ጥጉን ቆመዋል። ፊልሙ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። መብራት ይጠፋል፤ በዚህ ማንም አልተከፋም። አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ሳቀ፣ የስልክ ባትሪ እዚህም እዚያም በራ። ጄኔሬተር እስኪነሣ ጠበቅን። የሚያናግረን ሰው ግን አልመጣም። በረኛው ደጅ ቆሟል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ይዟል። ቤቱ እየታፈነ፣ ሰዉ እየተሰላቸ ሄደ። ነዳጅ አለ የለም፣ ቆዩ ወይም ሂዱ ያለን የለም። በኋላ ሰው አንድ በአንድ መውጣት ሲጀምር ቁምጣ የለበሰ፣ ጋቢ የደረበ አንድ የገጠር ልጅ በረኛውን ጠጋ አለና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጅማሬውን ብቻ ነው ያየሁ፤ ለሌላ ቀን አይያዝልኝም?» አለው። ገንዘቤን መልስ እንኳ አላለም። በረኛው «መብራቱን እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት? ሂድ ወደዚያ! የፊልም አዋቂ!» ብሎ በክርኑ ገፋ አደረገው። የቆሙት ሳቁ። ልጁ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ሄደ።

መገፋቱ ከፍቶኛል። ይበልጥ ያልወጣልኝ ግን የሰዎቹ ሳቅ ነው። የሳቁት ሰዎች እንደ ልጁ ከፍለው የገቡ፣ እንደ ልጁ ጅማሬውን ብቻ ያዩ ናቸው። እሱ የጠየቀው የእነሱንም ነበር።

የባለቤቱን ሸክም አቃልዬ አላየውም። የቪዲዮ ቤት ትርፍ ቀጭን ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ ግብር አለ፣ የዲኤስቲቪ ክፍያ በየወሩ አለ፤ ነዳጅ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው የዚያን ቀን መግቢያ በሙሉ ሊበላ ይችላል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሁሉንም ብር ቢመልስ ቤቱን መዝጋቱ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ወደ ውስጥ ራስን ብቅ አድርጎ «ወንድሞቼ፣ ነዳጅ የለኝም፤ ትንሽ እንጠብቅ፤ ካልመጣ ነገ በዚሁ ትኬት ግቡ» ለማለት ነዳጅ አያስፈልግም። የጎደለው ይህ ቃል ነበር። ተመልካቹ ከመብራቱ በላይ ያጣው የሚያናግረውን ሰው ነው።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ይነሣ። በዚያው ዓመት በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» ሊመረቅ፣ ሰዉ ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ፣ ፊልሙ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ከመብራት መጥፋት የባሰ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሰዉ ፊት ቆሞ የሆነውን ተናገረ። ተመልካቹ ፊልሙን ሳያይ ቢሄድም ለምን እንደሚሄድ አውቆ ሄደ። «እዚያማ የተጠሩ ትልልቅ እንግዶች ስለነበሩ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ግን ጥያቄው እየጠራ መጣ ማለት ነው፤ የተጠራው ሰው ማብራሪያ የሚገባው እንግዳ ሲሆን፣ ከኪሱ ከፍሎ የመጣው እንዴት ከእንግድነት ወጣ?

ምክንያቱም እንግዳ ማክበር እኛ ዘንድ የጠፋ ነገር አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል፣ ለልጆቹ ያልተረፈው እንጀራ ለሱ ይቀርባል፤ በቃኝ ሲል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይባላል። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። በማኅበርና በተዝካር ላይ ደግሞ አሳላፊ አለ። ጎበዝ አሳላፊ የሚታወቀው በሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ የተቀዳደደ ለብሶ የተቀመጠውን ሰው ሳይዘለው ሲያልፍ ነው። ባለጠጋውንማ ማንም አይረሳውም። ያ ልጁን በክርኑ የገፋው በረኛ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ያው ልጅ መሽቶበት ደጁ ቢቆም፣ አስገብቶ እንደሚያሳድረው አልጠራጠርም። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው እንዴት አደረ?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ገንዘብ ነው። እንግዳ ሳይከፍል ስለሚበላ የሚቀበለው ሁሉ ክብር ነው፤ የተቀባዩም ስም በዚያ ይነሣል። የከፈለ ሰው ግን ሒሳቡን ዘግቷል፤ ሰጠ፣ ተቀበለ፣ አለቀ። ገንዘብ መሃል ሲገባ ዝምድናው የተቋረጠ ይመስለናል። ለበርበሬና ለጨው ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሻጭና ገዢ እቃውን አይተው ተለያይተዋል። ለፊልም ግን ሒሳቡ የሚከፈተው ብሩ ከተሰጠ በኋላ ነው። ትኬቱ ከተቆረጠበት ሰዓት አንሥቶ ተመልካቹ በሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ በሩ የሚዘጋው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ የሚያየውና የሚሰማው በሌላ ሰው ጣት ነው። ከዚህ በላይ እንግድነት የት አለ?

ሁለተኛው መልስ ከታሪካችን ይመጣል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ድርጅቶችን ሲወርስ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም ወደ መንግሥት ገቡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የከተማ ሰው አገልግሎት የሚለውን ነገር ያወቀው በወረፋ ነው፤ የቀበሌ ሱቅ ወረፋ፣ የዳቦ ወረፋ፣ የመታወቂያ ወረፋ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ሰጪ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ለማኝ ሆኖ ቆየ። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ያኔ ሥር ሰደደ፤ አስተዳደሩ ሲቀየር ቃሉ አልተቀየረም። ቪዲዮ ቤቱ የግል ነው፤ የበረኛው አቋቋም ግን ከዚያ መስኮት የተወረሰ ነው። እሱም በየቢሮው የተገፋ ሰው ነውና አንድ በር በእጁ ሲገባ ያየውን አደረገ። ይህን ስል ላመካኝለት ሳይሆን ነገሩ ከአንድ ሰው ክፋት እንደማይጀምር ለማሳየት ነው።

እነዚህ ሁለቱ ግን የሰዎቹን ሳቅ አይፈቱልኝም። ሳቁን የሚፈታው ሦስተኛው ነው፤ እሱም ኀፍረት ይመስለኛል። ቪዲዮ ቤት የሚገባ ሰው በከተማው ዓይን ሥራ ፈት ነው። ተማሪው ጥናቱን ትቶ የመጣ፣ ገበሬው የሰብሉን ብር የሚያባክን፣ የቀን ሠራተኛው ነገን የማያስብ። መምህሩ ያያል ብሎ አንገቱን አቀርቅሮ የሚገባ ልጅ፣ አባቱ እንዳይሰሙ ጓደኛውን የሚያስምል ልጅ፣ በሩ ላይ ሲሰደብ እንዴት ብሎ ይሟገታል? ሲሟገት መገኘቱ ራሱ እዚያ መገኘቱን ማወጅ ነው። «የፊልም አዋቂ!» የሚለው ስድብ የቆመው በዚሁ ኀፍረት ላይ ነው። የሳቁትም ከልጁ ጋር ላለመቆጠር ሳቁ፤ ከተሰዳቢው ራስን መለየት ከስድቡ ማምለጫ መስሏቸው። የመጥፎ መስተንግዶ ዋና ምሰሶ የባለቤቱ ስስት አይመስለኝም። ተመልካቹ ራሱ ማየትን እንደ ቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው።

ይህ ደግሞ በጎጃም ምድር መሆኑ ይገርመኛል። ከዋድላ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤቶች የዚሁ አገር ናቸው። ቅኔ ማለት ደግሞ ከተቀኚው እኩል ሰሚውን የሚፈልግ ጥበብ ነው። ባለቅኔው ሰሙን ከወርቁ ጋር ገምዶ ሲዘርፍ፣ ፈትቶ የሚያገኘው ሰሚው ነው። በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ጆሮውን ሰጥቶ ቆሞ፣ ምሥጢሩ ሲገባው «ይበል!» የሚለው ሊቅ ሥራ ፈት ነው ያለ ማንም የለም። እሱ ባይኖር ቅኔው በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። ጠጅ ቤት ያለውን አዝማሪም ብናይ ሰሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይመልሳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው ዘፈኑን የሚሠሩት። መስማትና ማየት በኛ ባህል የሰነፍ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠው የገጠር ልጅም የሚያደርገው የዚህ ዘመድ ነው። የህንዱን ፊልም ቋንቋ ሳያውቅ ታሪኩን ከፊትና ከእጅ እንቅስቃሴ ይፈታል፤ አጠገቡ ላለው ያስረዳል፤ በደሉ ሲበዛ ይቆጣል፤ ሲታረቁ እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ዓለምን የሚያይበት መስኮት ያ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በክብር መቀመጥ ይገባዋል ስል ስለ ወንበሩ ምቾት ብቻ እየተናገርሁ አይደለም።

እስካሁን ልጁ፣ ተማሪው፣ ሹፌሩ እያልሁ የጻፍሁት ሁሉ ወንድ ነው፤ ምክንያቱም ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሴት ማየት ብርቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የከፋው መጥፎ መስተንግዶ ጭራሽ አለመግባት ነውና። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትማር ልጅ እንደ ወንዱ ሁሉ ስንቅ ትሸከማለች፣ እንደ ወንዱ ትናፍቃለች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደ ወንዱ ክፍሏ ይጠባታል። ቪዲዮ ቤት ብትገባ ግን ምን ይገጥማታል? መተላለፊያ በሌለው ቤት ትከሻና ጉልበት እየገፋች ማለፍ አለባት። ጨለማው ውስጥ የማን እጅ እንደሆነ የማታውቀው እጅ ይነካታል። ብትጮህ የሚሰማት በረኛ የለም፤ ቢሰማም «ማን ግቢ አለሽ?» ይላታል። መጸዳጃ ብትጠይቅ ጓሮ ይጠቆማታል። ስትወጣ ስሟ ከሷ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ እናት «ልጄ፣ እዚያ እንዳትደርሺ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እንዲህ እየሆነ የከተማው ግማሽ ሰው ከበሩ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ባለቤቱም «ሴቶች ፊልም አይወዱም» ብሎ ያምናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ማቅረብ ሲጀምር ሴቱ ወንዱ ቡና አፍልቶ በየሳሎኑ እንዴት እንደተሰበሰበ ያየ ሰው ይህ እምነት ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ያውቃል። ሴቶች የራቁት ከበረኛው፣ ከጨለማውና ከእጁ ነው።

ስለ መስተንግዶ ሲነገር በየሱቁና በየሆቴሉ ግድግዳ የሚለጠፍ አንድ አባባል አለ፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። በዚህ አባባል አልስማማም። ንጉሥ የሚስተናገደው በፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ የንጉሡ ዓይን እስካለ ድረስ ብቻ ይሠራል። ያ ባለ ጋቢ ልጅ ንጉሥ እንዳልሆነ እሱም በረኛውም ያውቃሉ፤ ጽሑፉ ለሁለቱም ባዶ ቃል ነው። «እንግዳ ነው» ቢባል ግን ሁለቱም ይገባቸዋል። እንግዳ አያዝም፣ አይቆጣም፣ ቤቱ ያፈራውን ይቀበላል፤ ባለቤቱም ያለውን አይደብቀውም፣ የሌለውንም ይነግረዋል። ንጉሥ ሁሉ እንዲሟላለት ይጠብቃል፤ እንግዳ ግን ቤቱ ድሃ መሆኑን አይቶ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሲዘለል ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ከሱ በፊት የነበረው ቁጥር 685/2002ም፣ ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋሉ። እንከን ያለበት አገልግሎት እንዲደገምለት ወይም ክፍያው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም አለ። ስድብን ለይቶ የጠቀሰ የንግድ ሕግ ያለን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ነገር ግን ያን ልጅ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድና ክሰስ ማለት አይቻልም። ለመክሰስ የሚያጠፋው ቀን ከትኬቱ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ቪዲዮ ቤት እንደነበረ ለሹም መናገር አለበት። ኀፍረቱ ሕጉን ቀድሞ ይዘጋዋል።

በዚህ መሃል አገሩ ላይ ከባድ ነገር መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ ቁስለኞች የከተማውን ሆስፒታል ሞሉት። ሰው ተሰብስቦ መቀመጥን፣ ማምሸትን ፈራ። ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ያለው ሰው በስልኩ ብቻውን አየ። ይህን ማንሣቴ የቪዲዮ ቤትን ጉዳይ ከሞት ጋር ለማመዛዘን አይደለም፤ አይመዛዘንም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አብሮ መቀመጥ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚታወቀው። ለብቻው በስልክ ያየውን ቀልድ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር እኩል የሳቀበትን ግን ዓመታት ቆይቶም ይተርከዋል። ሹፌርና ተማሪ፣ የቆላና የደጋ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን የሚይዝበት ቤት ለእንዲህ ያለ አገር ቅንጦቱ አይደለም።

ከአንድ የቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋር ስለ መስተንግዶው ጉዳይ ተከራክረን ነበር፤ ቅን ሰው ነው። ሴቶች ለብቻቸው የሚገቡበት፣ ፊልሙ ሲታይም የክፍሉ መብራት የማይጠፋበት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ቢይዝ ምን ይመስለዋል ብዬ ስጠይቀው ብዙ አሰበና «እኅቴን በር ላይ ባቆማት ይመጡ ይሆናል» አለኝ። ይህ የሱ ሐሳብ ነው፣ እኔ አላሰብሁትም ነበር፤ በረኛዋ ሴት ብትሆን የእናቶች ፍርሃት ግማሹ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ተመልካቹ መብራት ሲጠፋ ለሌላ ቀን ይያዝለት ባልሁት ጊዜ ግን ፊቱን አጠቆረ። «ጋሼ፣ ያልነበረው ሁሉ ነበርሁ ይላል፤ አንድ ትኬት ይዘው አምስት ሆነው ይመጣሉ፤ ማንን ከማን እለያለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚዋሽም ይኖራል። እኔም አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ጠቆምሁት። የባለሱቁ ደንበኛ ግማሹ የማያውቀው የገጠር ሰው ነው፤ ሆኖም ባለሱቁ ስኳርና ዘይት በዱቤ ይሰጣል፣ የቀበሌውንና የአባቱን ስም ጠይቆ በደብተር ይጽፋል፣ ብሩም ይብዛም ይነስ ይመለስለታል። እዚህ ላይ ደግሞ ባለዕዳው ባለቤቱ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ሰዉ ሳይወጣ ስሙን በየተራ ቢጽፍ፣ በመጣ ጊዜ ቢሰርዝ፣ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። «ስማቸውን ብጠይቃቸው ይስቁብኛል» አለኝ። መጀመሪያ ቀን ይስቁ ይሆናል አልሁት።